ገጹን አስተኙት

የካቲት 26

ዛሬ የተለየ ነገር የለም። በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፤ ግቢው ጭቃ ብቻ። የምድጃውን አመድ አወጣሁ፣ ላሟን አለብኩ፣ ልጄን አይዳይን ትምህርት ቤት አደረስኩ። ስመለስ አማቴ አፓ ቡርሶክ፣ ዘይት ውስጥ የሚጠበሰውን ሊጥ፣ እየጠበሱ ነበር። ለልጄ ከተጠበሰው እኔ ይበልጥ በላሁ። አማት ቤት ያለች ሴት እንዲህ አትወፍርም ይሉኛል ጎረቤቶች… የኔን አማት አያውቋቸውም።

ከምሳ በኋላ ባሌ ኤርሜክ ከሩሲያ፣ ከየካተሪንቡርግ፣ ደወለ። የስፌት ፋብሪካው ቦታ እስከ ሰኔ ይጠብቀኛል። ሰኔ ላይ ካልደረስኩ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አይዳይ ከአያቶቿ ጋር ትቀራለች። «ሌላ ምን ምርጫ አለን?» አለኝ ባሌ። ደክሞታል፣ ከድምፁ ያስታውቃል። እሺ አልኩት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ሽንኩርት የሚገባበት ምግብ አልነበረንም።

አመሻሽ ላይ አታ፣ የባሌ አባት፣ ከሳሎን ተጣሩ። «ኑርዛት፣ ቀስቷ አመለጠች!» የማውሷን ቀስት ነው። ኤርሜክ ትቶት በሄደው ላፕቶፕ የአየር ሁኔታ ያያሉ። ገጽ በገጽ ላይ ሲከፍቱ ውለው ከላይ ያለው መስመር ታጭቋል፣ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። «የማይፈልጉትን…» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። የማይፈልጉትን ምን? እንዴት ብዬ ልበለው? የአታ ስም እኮ በኪርጊዝኛ የሚጀምረው በዚያ ቃል ነው… የመክፈት ተቃራኒ በሆነው። የባሌን አባት ስም አልጠራም፤ ምራት ነኝ። ስማቸውን የሚመስል ቃልም ከአፌ አይወጣም። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ በር «እመልሳለሁ»፣ መጋረጃ «አወርዳለሁ»፣ ዓይኔን «እከድናለሁ»። ሱቁ ሰዓቱ ካለፈ «ሄዷል» ነው። ለኮምፒውተር ግን ቃል አልነበረኝም።

«ያስተኙት» አልኩ በመጨረሻ።

አታ አዩኝ። ገባቸው። ጢማቸው ስር ፈገግ አሉና «እሺ፣ እናስተኛው» አሉ።

የካቲት 29

አታ ማውስ አይሆንላቸውም። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቀስቷም አብራ ትንቀጠቀጣለች፣ ሊነኩት ያሰቡት ሌላ፣ የሚነኩት ሌላ። ትናንት ዝናብ ሊያዩ ገብተው የሴት ጫማ ማስታወቂያ ላይ ተገኙ። አፓ «ለማን ልትገዛ ነው?» አሏቸው። ቀኑን ሙሉ አልተዋቸውም።

ስለዚህ ማውሱን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በቁልፍ ብቻ። ኮንትሮልን ተጭነው ይያዙ፣ ሳይለቁ ቲን ይንኩ፣ አዲስ ገጽ ይመጣል። «ሳይለቁ» የሚለው አልገባ አላቸው። አንዱን ነክተው፣ ለቀው፣ ሌላውን ይነካሉ። ደጋገምን… ምንም። እኔም ልናደድ ምንም አልቀረኝ።

ድንገት እጃቸውን አነሱ። «ቆይ። ይሄ ኮንትሮል የምትይው ፍሪሲዮን ነው አይደል?»

እንዴት ሳላስበው! ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከካራኮል ባሊክቺ አውቶቡስ የነዱ ናቸው። ፍሪሲዮን ረግጦ ይዞ ማርሽ ማስገባት ለሳቸው ምን ያቅታል? ፍሪሲዮን፣ ቲ። ገጹ መጣ። ፍሪሲዮን፣ የመደመር ምልክት። ፊደሉ ተለቀ። መነጽራቸውን አውልቀው ግንባራቸው ላይ ሰቀሉት። «ይሄን እስከዛሬ የደበቅሽኝ ለምንድን ነው?»

ወደ ኋላ መመለስ በአልትና በግራ ቀስት ነው። ስሙን ራሳቸው አወጡለት፤ ኋላ ማርሽ።

መጋቢት 3

ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ፣ የአይዳይን ተረት መጽሐፍ ልመልስ። ክላራ ኤጄ፣ ሁላችንም ታላቅ እህት የምንላት ኃላፊዋ፣ ይዛ አስቀመጠችኝ። አታ ለጎረቤት ሁሉ ወሬውን ሲነዙ ሰምታለች። አሁን ሰፈሩ በሙሉ ስለ ፍሪሲዮን ያወራል አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ለአዛውንቶች የኢንተርኔት ትምህርት ሊከፍት ይፈልጋል። አንድ አስተማሪ፣ ቋሚ ሥራ። ግን ከክፍለ ሀገሩ ቢሮ የሚመጣው ሰውዬ አዛውንት አይማርም ባይ ነው። ስለዚህ የሙከራ ትምህርት ይሰጥ ተባለ፣ ሚያዝያ ላይ፣ እሱ ባለበት። ሦስት አዛውንቶች። በትምህርቱ መጨረሻ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ገጽ ከፍተው፣ የፈለጉትን ቃል አግኝተው፣ ገጹን… አስተኝተው መነሳት አለባቸው። ከቻሉ ክፍሉም ይኖራል፣ ሥራውም ይኖራል። ካልቻሉ ሁለቱም የለም።

«አንቺ ታስተምሪያለሽ» አለች ክላራ ኤጄ። አልጠየቀችኝም፤ ነገረችኝ።

ቋሚ ሥራ። እዚሁ። በእግሬ ሄጄ በእግሬ የምመለስበት… አይዳይን ሳላስረክብ።

ለኤርሜክ እስካሁን አልነገርኩትም። ባይሆንስ?

መጋቢት 5

አታ ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ አሉ። አፓ «አንተ አዛውንት ሆንክ እንዴ?» አሏቸው። «ለዚህ ሥራ ስል ሆኛለሁ።»

መጋቢት 8

ዛሬ ጉድ ሆነ።

አታ ጠዋት በፍሪሲዮንና በኤፍ መፈለግ ተማሩ። ረጅም ገጽ ውስጥ አንድ ቃል ጽፎ ማግኘት። ስለ አውቶቡስ ሞተር የተጻፈ ነገር አገኙና ተመሰጡ። እኔ ላሟ ጋ መሄድ ነበረብኝ። ከደጅ ሆኜ «ሲጨርሱ ያስተኙት!» ብዬ ጮህኩ።

ስመለስ ስክሪኑ ጨልሟል። አታ ኪቦርዱ ላይ ጨረቃ የተሳለችበትን ቁልፍ ተጭነዋል። «ጨረቃ ካለችበት ሌላ መኝታ የቱ ነው?» አሉኝ። ምን ይመለስላቸዋል? በዚያ ላይ አፓ መጥተው የላፕቶፑን ክዳን መልሰው፣ የራሳቸውን ሻሽ ደርበውበታል። እንዳይበርደው።

ሳቄ መጣ፣ ሳቅኩ፣ አፓም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ተወኝ። ሚያዝያ ላይ ያ ሰውዬ ቁጭ ብሎ ሲያይ ሦስቱም ኮምፒውተር ቢጨልምስ? ቃሉን ማለት አለብኝ። ሰው ሁሉ የሚለውን፣ ስክሪኑም ላይ የተጻፈውን ቃል። አታ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ደግሞ።

በረት ገብቼ ሞከርኩት። ለላሟ። በሹክሹክታ አንዴ ወጣ። ላሟ ዞራ አየችኝ። በዚያው ቅጽበት የአታ ጫማ ግቢው ውስጥ ጭቃውን ሲረግጥ ሰማሁና ፊቴ እሳት ሆነ፣ ስሰርቅ የተያዝኩ ይመስል። ባልዲውን አንስቼ ወጣሁ። ወተት አልነበረበትም።

መጋቢት 12

ኖሩዝ፣ የፀደይ አዲስ ዓመታችን። የሰፈሩ ሴቶች ተራ በተራ ያማሰሉት ሱሞሎክ፣ የበቀለው ስንዴ ገንፎ፣ ዛሬ ወጣ። አፓ ለየቤቱ ላኩ። እጄ እስካሁን ድስት ድስት ይላል።

ኤርሜክ በምስል ደወለ። አይዳይ የወለቀ ጥርሷን አሳየችው። «አቀራርቢው እስቲ» አላት። ስልኩን አፏ ውስጥ ልትከተው ደረሰች። ከዚያ ስለ ሥራው ነገርኩት። «ካልሆነስ?» አለ። ካልሆነ እመጣለሁ አልኩት። አፓ ከአጠገቤ ነበሩ፣ ሰሙ። ተነስተው ምድጃው ላይ ከሰል ጨመሩ። ምድጃው ከሰል ሞልቶ ነበር።

ከሰዓት አፓ ላፕቶፑ ፊት አጠገቤ ተቀመጡ። ቃል ሲፈለግ ገጹ ላይ የተገኘው ሁሉ ቀለም ተቀብቶ ይታያል። «አየሁት፣ ያ የቅቤ ቀለም ያለው ነው» አሉ። አፓ ቢጫ አይሉም። የሳቸው አማት ስም፣ የአታ አባት ማለት ነው፣ ከዚያ ቀለም ጋር አንድ ነበር። ሰውየው ሲሞቱ ኤርሜክ እንኳ አልተወለደም ነበር። አፓ ግን እስከዛሬ እንቁላሉ የቅቤ ቀለም፣ የመስከረም ቅጠል የቅቤ ቀለም።

«ሰውየው እኮ የሉም፣ ቃሉን ቢሉት ምን ይሆናል?» አልኳቸው።

«እኔ አለሁ» አሉ።

መጋቢት 17

ዛሬ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ልጻፈው፣ እንዳይጠፋ።

አታ በራሳችን ፊደል፣ በሲሪሊክ፣ መጻፍ ፈለጉ። መጀመሪያ የሚጽፉት የራሳቸውን ስም ነው፣ ሰው ሁሉ እንደዚያው። አንድ በአንድ፣ በአንድ ጣት፣ ዓይናቸው ቁልፉ ላይ፣ ስክሪኑን ሳያዩ። ቀና ሲሉ ግን… ኪቦርዱ በላቲን ላይ ነበር። አልትና ሺፍት ተጭኖ ወደኛ ፊደል መቀየር እንዳለበት ረስቼ አልነገርኳቸውም። ስማቸው ሆኖ የወጣው ሁለት ነጥብና ከሱ ቀጥሎ አራት የላቲን ፊደላት ነው፤ ሲነበቡ ፍግፍህ።

«ይሄ ማን ነው?» አሉ አታ።

«እርስዎ ነዎት» አልኩ። መልሴን ሳልጨርስ በሳቅ ፈነዳሁ።

«ፍግፍህ…» ቀመሱት። ሁለተኛ አሉት። ተነስተው ጓዳ ሄዱ። አፓን «ፍግፍህ ሻይ ይፈልጋል» ሲሏቸው ሰማሁ። አፓ ደንግጠው የመጣ እንግዳ አለ ብለው ሁለት ስኒ አወጡ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ፍግፍህ ደከመው፣ የፍግፍህ ካልሲ የት ነው፣ ማነው የፍግፍህን ዳቦ የበላው። አይዳይ ተንከባለለች።

ቀያየሩን ቆይቼ አሳየኋቸው። አልትና ሺፍት። በትክክለኛው ፊደል ጻፉት። እኔ ስክሪኑን ላለማየት መስኮቱን ማየት ጀመርኩ። አታ አይተውኛል።

መጋቢት 24

ጠዋት አታ አጥር እየጠገኑ ነበር፤ ምስማር አቀብላቸዋለሁ። እንደ ዘበት ጀመሩ፣ ዓይናቸውን ከእንጨቱ ሳያነሱ።

«ልጄ፣ ያንን ቃል በይው። ፈቅጃለሁ። ስሜ ነው፣ የራሴ ነው፣ ለፈለግኩት ሰው አውሰዋለሁ።»

«እሺ አታ» አልኩ።

«እስቲ አሁን በይው።»

አፌን ከፈትኩ። ምንም። አታ ትንሽ ጠበቁና «በቃ፣ መዶሻውን ስጪኝ» አሉ።

ለምንድን ነው የማይወጣልኝ? ፈርቼ እንዳይሆን… አልፈራቸውም። ጓደኞቼ የጥንት ነገር ነው ይላሉ፣ ባዛር ያለችው ጓደኛዬ አማቷን በስሟ ትጠራለች፣ ሰማይ አልወደቀም። እኔ ግን እዚህ ቤት ስገባ ማንንም አላውቅም ነበር። ምን እንደሚወዱ፣ መቼ እንደሚቆጡ፣ የት እንደምቀመጥ። የማውቀው አንድ ነገር ነበር። ይሄን ቃል አትበዪ። እሱን ያዝኩ። በር በመለስኩ ቁጥር፣ መጋረጃ ባወረድኩ ቁጥር ሰውየውን አስባቸዋለሁ፤ አጠገቤ ባይኖሩም። በዚያው ወደድኳቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ አባት የሆኑኝ እሳቸው ናቸው። ይሄን ፊት ለፊት አልነገርኳቸውም፤ የነገርኳቸው ያንን ቃል ባለማለት ነው። አሁን እንዴት ብዬ ልበለው?

ግን ካላልኩት ደግሞ ሰኔ ላይ ባቡር ውስጥ ነኝ።

ሚያዝያ 2

አታ ያስተኙትን ገጽ መልሶ ማምጣት ተማሩ። ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ቲ፣ ሦስቱንም አንድ ላይ። በስህተት ያስተኙት የሞተሩ ገጽ ተመልሶ ብቅ ሲል ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ።

«የሄደውን ይመልሳል?»

«ይመልሳል አታ። የቅርቡን ቀድሞ።»

ደግመው አስተኙት፣ ደግመው መለሱት። ከዚያ እጃቸው ቁልፉ ላይ ቀረ።

«ለገጽ ብቻ ነው?»

ሻይ ላምጣ ብዬ ተነሳሁ።

ሚያዝያ 8

ነገ ነው። ቀሚሴን ተኮስኩ። አታም ሸሚዛቸውን አምጥተው «የተማሪውንም» አሉኝ።

ሚያዝያ 9

ከየት ልጀምር?

የንባብ ክፍሉ ሞቋል። ክላራ ኤጄ ምድጃውን ከጠዋት ጀምሮ አንድዳዋለች። ሦስት ኮምፒውተር። አንዱ ጋ አታ፣ ካልፓካቸውን፣ ነጩን የሱፍ ቆባቸውን፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው። መካከል ሳቢራ፣ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት አሮጊት፣ ስለ አፕሪኮት ዛፍ በሽታ ማንበብ የሚፈልጉ። ዳር ላይ ዩሱፕ፣ ባዛር ውስጥ አሽላንፉ፣ ቀዝቃዛውን የፓስታ ሾርባ፣ የሚሸጡት የዱንጋን ብሔረሰብ ሽማግሌ። ከክፍለ ሀገሩ ቢሮ የመጣው ሰውዬ ከኋላ ተቀመጠ። ወጣት ነው፣ ከኔ ያንሳል። ሰዓቱን አየ።

መጀመሪያው ጥሩ ሄደ። ኮንትሮል ፍሪሲዮን ነው አልኩ። ዩሱፕ ያረጀች ሞስክቪች መኪና አለቻቸው፣ ወዲያው ገባቸው። ሳቢራ መኪና ነድተው አያውቁም። ለሳቸው «ድስቱን በግራ እጅ ይያዙ፣ በቀኝ ያማስሉ» አልኳቸው። እሳቸውም ገባቸው። «አዲስ ገጽ ክፈቱ» አልኩ፣ ሦስቱም ከፈቱ። ፊደሉን አተለቁት። ሳቢራ አፕሪኮት ብለው ጽፈው ፈለጉ፣ ቃሉ ገጹ ላይ በየቦታው በቀለም ሲበራ «ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» አሉ። ሰውዬው ሰዓቱን ማየት ተወ።

ቀጥሎ የመጨረሻው። እዚያ ላይ ደረስኩ።

አታ ፊት ለፊቴ ናቸው። በዓይናቸው በይው ይሉኛል። ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጣ… የወጣው ግን «አሁን ገጹን ያስተኙት» ነው።

አታ በትክክል አደረጉት። ዩሱፕ ግን ኪቦርዱን በዓይናቸው አሰሱ፣ ጨረቃዋን አገኙ፣ ተጫኑ። ስክሪናቸው ጠፋ። «ተኛ» አሉ ደስ ብሏቸው። ከኋላ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ክላራ ኤጄ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያሰብኩት አይዳይን ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ያኔ አታ ተነሱ። «ትንሽ አየር ልውሰድ» አሉ።

አታ አየር ሲወስዱ አይቼ አላውቅም። መስኮት ሲከፈት የሚቆጡ ሰው ናቸው። ካልፓካቸውን አደረጉ፣ ወጡ፣ በሩን ከኋላቸው ሳቡት። ከኮሪደሩ ሳል ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሳል፣ ከመጀመሪያው ራቅ ያለ። ከዚያ ሌላ፣ ከደረጃው አካባቢ። እየራቅኩልሽ ነው፣ በይው ማለታቸው ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንባዬ መጣ።

አፌን ከፈትኩ። ወጥተውልኝም አልወጣልኝም።

«የአማትሽ ስም ነው አይደል?» አሉ ሳቢራ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጓዳ ውስጥ እንዳለን።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ገብቶኛል። የኔ አማት ስም ደግሞ በመጀመሪያ ያስተማርሽን ነገር ነበር፣ አዲሱን ገጽ ስናመጣ ያልሽው። ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ብርሃን አስገቢ ነው የምለው። አንቺ ስትናገሪ እኔ በልቤ ብርሃን አስገቢ እያልኩ ነው የተከተልኩሽ። ለመሆኑ የትኛው ቁልፍ ነው?»

የትኛው ቁልፍ ነው። እኔ ቃል ስፈልግ ወራት ሙሉ… ቁልፉ እኮ ለሁሉም አንድ ነው።

«ፍሪሲዮን፣ ደብልዩ» አልኩ። «ቤታችሁ ውስጥ የምትሉትን በሉት። እኔ ያስተኙት እላለሁ።»

«እኔስ ምን ልበል?» አሉ ዩሱፕ። «እኛ ቤት የሚከለከል ቃል የለም፣ ሚስቴ ሁሉንም ትለኛለች።»

«ያሻዎትን።»

አሰቡ። የጨለመውን ኮምፒውተራቸውን ስቀሰቅስላቸው «ሳህኑን አንሳ» አሉና ተጫኑ። ገጹ ተነሳ። ሳቅ ሆነ። ከኋላ ሰውዬውም ሳቀ፣ ሳያስበው ነው የሳቀው። ከዚያ እናቱ ድንጋይ የሚለውን ቃል እንደማይሉ ነገረን፤ ጠንካራው ነው የሚሉት። ትምህርት ቤት ገብቶ ጠንካራውን አንስቼ ወረወርኩ ብሎ ጽፎ ክፍሉ በሙሉ ስቆበታል። ይሄን ሲናገር ልጅ መሰለ።

አታን ኮሪደሩ ድረስ ሄጄ ጠራኋቸው። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። «አልሽው?» አሉኝ።

«አላልኩትም።»

«እና?»

«ይምጡ ብቻ።»

ሦስቱም ብቻቸውን ሠሩት። ከፈቱ፣ ወይም ብርሃን አስገቡ፣ ፈለጉ፣ አገኙ፣ አስተኙ ወይም ሳህን አነሱ። ሰውዬው ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሲወጣ የሳቢራን እጅ ጨበጠ። እኔን «እናሳውቃለን» አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አታ የጭቃው ቦታ ላይ ክንዴን ያዙኝ። እንዳልንሸራተት ይሁን እንዳይንሸራተቱ አላውቅም።

ሚያዝያ 15

ምንም የለም። ኤርሜክ ስለ ትኬት ጠየቀ። ሳምንት ስጠኝ አልኩት።

ሚያዝያ 18

ምንም። አፓ ስልኬ ሲጮህ ከኔ ቀድመው ይደርሳሉ።

ሚያዝያ 21

ክላራ ኤጄ ደወለች። ክፍሉ ይከፈታል። ሥራው የኔ ነው።

ስልኩን አስቀምጬ ነገርኳቸው። አፓ የላፕቶፑን ሻሽ አንስተው ፊታቸውን ጠረጉበት። አታ ግቢ ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፣ የተጠገነውን አጥር ደግመው ይመቱታል።

ለኤርሜክ ደወልኩ። «እንግዲያው እኔ ነኝ የምመጣው ማለት ነው» አለ። በየዓመቱ ይለዋል። ዘንድሮ ግን ደስ ብሎት ነው ያለው። ለአይዳይ ስልኩን ሰጠኋት። አፏን ሙሉ ብስኩት ይዛ «እማዬ አትሄድም» አለችው። በቃ፣ ሌላ ዜና የላትም።

ግንቦት 5

የመጀመሪያ ቀን።

ክፍሉ ሞላ። ክላራ ኤጄ ተጨማሪ ወንበር አስመጣች። ሳቢራ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጡ። ዩሱፕ ለሁላችን አሽላንፉ በባልዲ አመጡ፤ ክላራ ኤጄ መጻሕፍቱ አጠገብ እንዳይበላ ብላ ኮሪደር ላይ አስቀመጠችው። ለበሩ የምሰቅለው ወረቀት ጽፌያለሁ፤ በአንዱ በኩል «ነቅቷል»፣ በሌላው «ተኝቷል»። ክላራ ኤጄ አየችው፣ ከንፈሯን ነክሳ አለፈች።

የተማሪዎቹን ስም እየጠራሁ ማን መጣ ማን ቀረ ማየት ነበረብኝ። ወረቀቱን ያየሁት እዚያው ቆሜ ነው። የመጀመሪያው የአታ ነው።

ቆምኩ። ሳቢራ ገብቷቸዋል፣ ጎረቤታቸውን በክንድ ጎሸም አደረጉ። አታ ፊት ወንበር ላይ ናቸው፣ የተተኮሰው ሸሚዝ፣ ካልፓኩ ጉልበት ላይ። በሩን አዩ። ወጥተው ሊስሉልኝ ነው… ልነሳ ሲሉ እጃቸው ወንበሩን ሲደገፍ አየሁ።

ከአሁን በኋላ ለኔ ሲሉ ኮሪደር መውጣት የለም አልኩ በልቤ። ማንም ያልከለከለኝ አንድ ስም አላቸው።

«ፍግፍህ!»

አታ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ። ጢማቸው ይንቀጠቀጣል፣ የሚስቁ ናቸው ወይ የሚያለቅሱ እኔ አልለየሁም።

«አቤት ልጄ!» አሉኝ።